ግማሹ የተኛ፣ ግማሹ የለመለመ ብቅል፦ ከአዳማ አንድ የጉዳይ ጥናት

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ጠላ ጠማቂው ሁሉ ለገና በሚሯሯጥበት ሰሞን፣ አዳማ ውስጥ ብቅል እያበቀሉ የሚሸጡ አንዲት እናት ከደንበኞቻቸው ሁለት ዓይነት ስሞታ መጣባቸው። አንዷ ጠማቂ «ብቅልዎ አቅም የለውም፤ ድፍድፉ እንደ ገንፎ ረግቶ ቀረ» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ጠላው ሣር ሣር አለብኝ» ብላ መለሰችላቸው። ሁለቱም የገዙት ከአንድ ማዳበሪያ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ። ሙያውን ከእናታቸው የወረሱ ናቸው፤ ገብስ ጠጣ አልጠጣ ለማለት አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ሰበር ማድረግ ይበቃቸዋል። እኔ የተጠራሁት ስለ ዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ስለማስተምርና ልጃቸው ተማሪዬ ስለነበረች ነው። «ልጄ፣ እኔ በእጄ አይቼዋለሁ፤ አንተ ደግሞ በትምህርትህ እየው» አሉና አንድ ሰፌድ ብቅል ፊቴ አስቀመጡ።

ሰፌዱ ላይ ያለው የአንድ ቀን ሥራ አይመስልም ነበር። ሲሶ ያህሉ ውኃ ጠጥቶ አብጧል እንጂ ሥር የሚባል ነገር አላወጣም። ሌላው ጎንቁሎ አልፎ ሄዷል፤ ከገለባው ጫፍ የወጣችው ቅጠል የጣት አንጓ ታክላለች፣ ቀለሟም ደማቅ አረንጓዴ ነው። በመሐል ጥቂት ልክ የሆኑ ፍሬዎች አሉ። ልክ የሆነ የገብስ ብቅል ሥሮቹ ከታች ተንጨፍርረው ይታያሉ፤ ቡቃያው ግን ገና አልወጣም፣ በገለባው ሥር በፍሬው ጀርባ በኩል ሽቅብ ይሳባል። ገለባውን በጥፍር ላጥ ሲያደርጉት ነጭ ክር መስሎ ከፍሬው ርዝመት ሦስት አራተኛ ያህል ደርሶ ይገኛል። ጎበዝ ብቅል ሠሪ ሥራውን አቁሞ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው ያን ጊዜ ነው።

ምን ተለወጠ?

በክረምት የሠሩት ብቅል ምንም አልወጣለትም። ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ስንቆጥር ሦስት ነገር ሆነ፣ ሦስቱም በአንድ ወር ውስጥ የመጡ። ጓዳቸውን አከራይተው ሥራውን ወደ ጓሮ አወጡት፤ ጓሮው ላይ የተሠራው ዳስ ክዳኑ ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ነው። ኮባ ስለተወደደ የተዘፈዘፈውን ገብስ በኮባ ቅጠልና በጆንያ መጠቅለሉን ትተው በነጭ ላስቲክ መሸፈን ጀመሩ። ገብሱም ከአርሲ በዚያው ሰሞን ታጭዶ የተወቃ አዲስ ነው፤ የከረመው አልቆ ነበር።

ጥርጣሬው እንደ ሰዉ ብዛት ነው። ደንበኞቹ ነጋዴውን ጠረጠሩ፣ «የተቆላ ቀላቅሎ ሸጦልዎታል» አሉ። አንዲት ጎረቤት ዓይን ነው አለች። ቆቃ አካባቢ አበባ እርሻ የሚሠራው የእህታቸው ልጅ ደግሞ ጂብሬሊን የሚባል ሆርሞን በጠርሙስ አምጥቶ፣ ከመዘፍዘፊያው ውኃ ጋር ጠብ ቢደረግበት ሁሉም እኩል ይጎነቁላል አለ። የእኔ የመጀመሪያ ጥርጣሬ ሙቀት ነበር፤ ቀን ላይ እላስቲኩ ሥር እጅ ሲገባ ይፋጃል፣ አዲስ ገብስ ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት እንቅልፉ እንደሚጠናበት የታወቀ ነው።

ነጋዴውን ነፃ ማውጣት ቀላሉ ነበር። ካልጎነቆለው ለቅመን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀናት አቆየነው፤ ከዚያ አውጥተን ቤት ውስጥ በተከደነ ጣሳ ስናስቀምጠው ሁሉም ለማለት ይቻላል ጎነቆለ። የዘር ፈታሾች አዲስ እህልን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱት በዚሁ ዘዴ ነው። የተቆላ ወይም የሞተ ፍሬ በብርድ አይነሣም። እህሉ ሕያው ነው፣ ተኝቷል እንጂ።

በሴላፎን የተደረገው ሙከራ

ሙቀትን ከብርሃን መለየት ነበረብን። ስለዚህ ከዳሱ ወጥተን አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ከነጭ ኤልኢዲ አምፖል ሥር ሰሐኖች ደረደርን። የከረመ ገብስ ከጎረቤት ተለምኖ ተገኘ። ከሁለቱም ዓይነት ገሚሱን በካርቶን ከድነን ጨለማ አደረግንበት፣ ገሚሱን ለብርሃኑ ተውነው። አዲሱን ገብስ በሌላ ሁለት ሰሐን አድርገን አንዱን በቀይ፣ አንዱን በሰማያዊ የስጦታ ሴላፎን ሸፈንነው። ሴላፎኑን በርከት አድርጎ መደራረብ ያስፈልጋል፤ አንድ ንብርብር ብቻ ከሆነ ሌላውም ቀለም ሾልኮ ያልፋል። ሙቀቱ ለሁሉም አንድ ነው፣ ውኃውም አንድ።

የከረመው ገብስ ብርሃንም ጨለማም አልገደደውም፣ በሁለቱም እኩል ጎነቆለ። አዲሱ በጨለማ ከግማሽ በላይ ሥር አወጣ፤ በነጩ ብርሃን ሥር ግን እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ። ሰማያዊው ሴላፎን ሥር ያለው ከነጩ ብርሃን ብዙም አልተለየም። ቀዩ ሥር ያለው ከጨለማው ጋር ተቀራረበ። የእኔ የሙቀት ጥርጣሬ እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ፤ ዳሱ ውስጥ አባብሶት ይሆናል፣ መነሻው ግን ብርሃኑ ነው፣ ከብርሃንም ሰማያዊው።

ሰሐኖቹን ሳናነሣ ቅጠል እስኪያወጡ ጠበቅን። ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ የተገኘው እዚህ ነው። በጨለማ የነበረው ቡቃያ ሁሉ፣ ከከረመውም ከአዲሱም፣ ረጅም፣ ቀጭንና ቢጫ ሆነ። በብርሃን ያለው አጠር፣ ሰፋ ብሎ አረንጓዴ። ቀዩ ሴላፎን ሥር ያለው ደግሞ እንደ ጨለማው በብዛት ጎንቁሎ እንደ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ። እንግዲህ ገብሱን የሚያስተኛው ብርሃንና ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ብርሃን በአንድ መንገድ አይሠሩም ማለት ነው። ቀይ ብርሃን ሁለተኛውን ያደርጋል፣ የመጀመሪያውን አያደርግም። የእማማ ዳስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሠራ ነበር።

እንቅልፉ

የገብስ ፍሬ ውስጥ ሁለት ሆርሞኖች ይሳሳባሉ፤ አብሲሲክ አሲድ ተኛ ይላል፣ ጂብሬሊን ተነሥ ይላል። አዲስ የታጨደ ገብስ ሲዘፈዘፍ አብሲሲክ አሲዱ ቶሎ አይወርድም። የከረመው ሲዘፈዘፍ ግን አብሲሲክ አሲድን የሚሰባብረውን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ኮሊዮራይዛ በተባለው የሥሩ ሽፋን ላይ ፈጥኖ ይነሣል፤ ሆርሞኑ ይሟጠጣል፣ ሥሩ ሽፋኑን በስቶ ይወጣል። ለብቅል የከረመ ገብስ ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ጂኑ በአዲሱም በከረመውም ያው ነው፤ የሚለያየው መቼና ምን ያህል መነበቡ፣ ማለትም ሥራ ላይ መዋሉ ነው።

ሰማያዊ ብርሃን የሚገባው በዚህ መሐል ነው። ክሪፕቶክሮም የተባለው ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን ሰማያዊውን ሲይዝ፣ በገብስ ፅንስ ውስጥ ኤንሲኢዲ-1 የተባለው ጂን በብዛት መነበብ ይጀምራል። የዚህ ጂን ሥራ አብሲሲክ አሲድ የሚሠራበትን መንገድ መክፈት ነው። ስለዚህ በሚሰበረው ላይ አዲስ ይጨመርበታል፤ እንቅልፉ ገና ያልለቀቀው ፍሬ ጭራሽ ይረጋል። እንቅልፉ የለቀቀው ግን ደንታ የለውም፤ የከረመው ገብስ ያሳየን ይህንኑ ነው። እማማ በክረምት በዚያ ዳስ ቢሠሩ ኖሮ እንኳ የከረመ ገብስ ስለነበራቸው ምንም ላይታያቸው ይችል ነበር።

የዘር ትምህርት የቀመሰ ሰው እዚህ ላይ ግር ሊለው ይችላል። መማሪያ መጽሐፍ የሚያስተምረን ብርሃን ዘርን እንደሚቀሰቅስ ነው፤ ያ ታሪክ ከሰላጣ ዘር የመጣ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ሜሪላንድ ቤልትስቪል ውስጥ ቦርትዊክና ሄንድሪክስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀይ ብርሃን የሰላጣን ዘር እንደሚቀሰቅስ፣ ከቀይ ያለፈው ብርሃን ደግሞ መልሶ እንደሚያስተኛው አሳዩ። ገብስ ሰላጣ አይደለም። ትልቅ ፍሬ ነው፣ ስንቁን ይዞ ከአፈር ሥር መነሣት ይችላል፤ አፈር ላይ ተጋልጦ ቢጎነቁል የሚያገኘው ፀሐይና ድርቅ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሲያይ ቢተኛ ለእሱ ብልሃት ነው ብዬ እገምታለሁ።

የብቅሉ አቅም

«አቅም የለውም» ያለችው ጠማቂ ልክ ነበረች። ከፋርማሲ አዮዲን ገዝተን፣ የበቆሎ ስታርች በውኃ አቅጥነን አፍልተን፣ ለብ ሲል ብቅሉ ተፈጭቶ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ጨመርንበት። ከዚያ በየመሐሉ በማንኪያ እየጨለፍን ነጭ ሰሐን ላይ ከአዮዲኑ ጋር እናገናኘዋለን። ከክረምቱ በተረፈው ብቅል የመጀመሪያው ጠብታ እንደ ቀለም ጠቆረ፣ ቀጣዩ ወደ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎ ወደ ቡናማ፣ በመጨረሻ የአዮዲኑ የራሱ ቢጫ ብቻ ቀረ፤ ስታርቹ አልቋል። በታኅሣሡ ብቅል ግን ከጥቁር ሰማያዊ ሳይወጣ ስታርቹ ቀዘቀዘ። እማማ ይህን ሲያዩ «እንዲህ ያለ ነገር እያለ ነው እኔ ሳኝክ የኖርኩት?» ብለው ሳቁ።

ስታርቹን የሚቆርጠው አልፋ-አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። በደረቅ ገብስ ውስጥ ለሥራ የሚበቃ የለም፤ ሲጎነቁል ነው የሚሠራው። የሚሠራውም በአብዛኛው በስታርቹ ዙሪያ ያለው አሊዩሮን የተባለ የሴሎች ሽፋን ነው፤ ገብስ ላይ ይህ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ሦስት ሴል ያህል ውፍረት አለው። በ1960 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ፓሌግ፣ ጃፓን ውስጥ ዮሞ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ፅንሱ ከተቆረጠ የገብስ ፍሬ ስታርቹ ሳይነካ እንደሚቀር፣ ጂብሬሊን ከተጨመረበት ግን ያለ ፅንስም እንደሚሟሟ አገኙ። ፅንሱ የሚልከው መልእክት ያ ሆርሞን ነበር። ሆርሞኑ ራሱ ቀድሞ የታወቀው በሌላ እህል በሽታ ነው፤ ኩሮሳዋ በ1926 እ.ኤ.አ. የሩዝ ቡቃያን ያለ ልክ የሚያስረዝመው አንድ ፈንገስ የሚያመነጨው ነገር መሆኑን አሳይቶ ነበር፣ በ1935 ያቡታ ጂብሬሊን አለው።

አሊዩሮን ሴል ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ዴላ የሚባሉ ፕሮቲኖች በተለመደው ጊዜ ሥራውን አፍነው ይይዛሉ። ጂብሬሊን ሲደርስ ጂአይዲ-1 ከተባለው ተቀባዩ ጋር ይጣበቃል፤ ይህን ተቀባይ ጃፓናውያን በሩዝ ላይ ያገኙት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱ ተያይዘው ዴላን ይይዙታል፣ ሴሉም ዴላን ምልክት አድርጎበት ያፈርሰዋል። አፈናው ሲነሣ ጋሚብ የተባለ ፕሮቲን ይሠራል፤ እሱ ከአልፋ-አሚሌዝ ጂን መግቢያ ላይ ተቀምጦ ጂኑን ያስነብባል፣ ኢንዛይሙ ተሠርቶ ወደ ስታርቹ ይፈሳል። አብሲሲክ አሲድ በተቃራኒው ይህን ሰንሰለት ይዘጋል። ስለዚህ የተኛ ፍሬ ብቅሉ ውስጥ ሲቀላቀል ጥሬ ገብስ እንደመጨመር ነው፤ ስታርች ያመጣል፣ መቁረጫ አያመጣም።

የእህታቸው ልጅ የጠርሙሱን ነገር ያነሣው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሌላ አገር አንዳንድ ብቅል ፋብሪካዎች በጥቂቱ ይጠቀሙበታል። እኔ ግን አልመከርኩም። የእኛ ችግር ጂብሬሊን ማነሱ ሳይሆን አብሲሲክ አሲድ በየቀኑ በብርሃኑ መታደሱ ነው፤ ለአበባ የተሸጠ ጠርሙስ ደግሞ ሰው በሚጠጣው ነገር ውስጥ አይገባም።

አረንጓዴው

«ሣር ሣር ይላል» የሚለው ስሞታ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ካለው ጊዜ ነው፣ ሥሩ ወጥቶ ቅጠሉ ሲከተል። እማማ የተኙት እስኪነሡ አንድ ሁለት ቀን ጨምረው ጠበቁ፤ ቀድመው የጎነቆሉት በዚያ መሐል ገለባቸውን ጥለው ወጡ። ስታርቹን እየበሉ ነው የሚያድጉት፣ ስለዚህ በጨለማም ቢሆን ኪሳራ ነበር። ብርሃኑ የጨመረበት ቀለሙንና ጣዕሙን ነው።

ገብስ በጨለማ ክሎሮፊሉን እስከ መጨረሻው አይሠራም። ፕሮቶክሎሮፊላይድ የተባለው ያላለቀ ነገር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ወደ ክሎሮፊል የሚያሻግረው ኢንዛይም ካለ ብርሃን አይንቀሳቀስም። ፋይቶክሮም የተባለው ተቀባይ ደግሞ 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ቀይ ብርሃን ሲይዝ ቅርጹን ቀይሮ ወደ ኑክሊየስ ይገባል። እዚያ ቡቃያውን በጨለማ ጠባይ የሚያቆዩት ፒፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች ይፈርሳሉ፤ ብርሃን የሚሰበስቡና ካርቦን የሚይዙ ፕሮቲኖች ጂኖች በብዛት መነበብ ይጀምራሉ። ሁሉም ጂን ግን አይነሣም። ያንኑ ፕሮቶክሎሮፊላይድ የሚያሻግረው ኢንዛይም አንዱ ዓይነት ጂን፣ በገብስ ላይ እንደታየው፣ ብርሃን ሲመጣ ንባቡ ይወርዳል፤ የጨለማ ዝግጅት ስለነበር ከዚያ በኋላ አያስፈልግም።

ሆርሞኑና ብርሃኑ የሚገናኙት እዚሁ ላይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አራቢዶፕሲስ በተባለችው የቤተ ሙከራ ትንሽ ተክል ላይ በወጡ ጥናቶች ዴላ ፒፎችን ይዞ ከጂን ላይ እንደሚያስቀራቸው ታየ። ጂብሬሊን ዴላን ሲያፈርስ ፒፎች ይለቀቃሉ፣ ቡቃያው ይረዝማል፤ ብርሃን ሲመጣ ራሳቸው ፒፎቹ ይፈርሳሉ፣ ርዝመቱ ያጥራል፣ ቅጠሉ ይሰፋል። ካርቶኑ ሥር ያገኘነው ቢጫ፣ ቀጭንና ረጅም ቡቃያ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

ምን ተደረገ?

ለገና የደረሰው ትእዛዝ መሟላት ነበረበት። ዳሱ ክዳን ላይ ያረጀ ሸራ ተጣለ፣ ነጩ ላስቲክ ተነሣ። ኮባ ቢወደድም ጉሎ በየአጥሩ አለ፤ የተዘፈዘፈው ገብስ በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ ሁለት ማዳበሪያ ተደርቦበት፣ ከላይ እንደ ድሮው ድንጋይ ተጫነው። ይህ ብቻውን አዲሱን ገብስ ሙሉ በሙሉ አላነሣውም፤ ጨለማ እንቅልፉን አያጠፋም፣ ማባባሱን ያቆማል እንጂ። ስለዚህ ለዚያ ሰሞን ከጎረቤትና ከሌላ ነጋዴ የከረመ ገብስ ተፈልጎ ተገዛ፤ ተወዶባቸዋል፣ ትርፉም ቀጠነ። ጠላው ግን ፈላ።

የቀረው አዲስ ገብስ ደርቆ፣ በጆንያ ሆኖ ቆርቆሮ ክዳን ያለው መጋዘን ገባ። የአዳማ ሙቀት እዚህ ላይ ጠቀመ፤ ደረቅ እህል በሞቀ ቦታ ሲከርም እንቅልፉ ከቀዝቃዛ ቦታ ይልቅ ቶሎ ይለቀዋል። መድረቁ ግን ግዴታ ነው፣ እርጥበት ካለው ይሻግታል፣ ይነቅዛል። እማማ በየጊዜው አንድ እፍኝ እየዘገኑ በእርጥብ ጨርቅ፣ በተከደነ ጣሳ ያስቀምጡ ነበር። ለፋሲካ ሥራ በጀመሩበት ጊዜ በጣሳው ውስጥ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ላይ ጎነቆለ፣ ከዚያ ወዲያ ኩንታሉን ዘፈዘፉት።

ዛሬ ነጋዴው ሲጭንላቸው የአምናውንና የዘንድሮውን ለይቶ ነው። የአምናው በኩንታል ወደድ ይላል፤ እሳቸው በጥር የዘንድሮውን በርካሽ እየገዙ ራሳቸው ያከርሙታል።